ፈረሴ አልሮጥ ያለኝ ዓመት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታፔላ እጽፋለሁ። ቆርቆሮ ላይ «ልብስ ስፌት»፣ በር ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው»፣ የጋሪ ጀርባ ላይ ደግሞ ባለቤቱ የመረጠውን ጥቅስ። በፊደል አልታማም። ጣጣዬም የጀመረው ከዚሁ ነው። ፊደል ያማረለት ሰው ሥዕልም የሚችል ይመስለዋል። ሰዉም እንደዚያ ነው የሚያስበው።

የዛሬ አራት ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንድ ቡና ቤት ያለው ሰው አስጠራኝ። አዲስ ያሠራው አዳራሽ አለ፤ አንደኛው ግድግዳ አራት ሜትር ይሆናል። «እዚህ ላይ አድዋን ሳልልኝ» አለኝ። «ፈረሱም፣ ጦሩም፣ ጋሻውም፣ አቧራውም ይታየኝ። ለየካቲት 23 ይድረስልኝ።» በሕይወቴ የሚሮጥ ሰው ስዬ አላውቅም። የቆመ ሰው እንኳ የሳልኩት ሁለት ሦስቴ ቢሆን ነው። «እሺ» አልኩ። ቀብድም ተቀበልኩ።

ይህን የምጽፈው ያቺ «እሺ» ያመጣችብኝ ጣጣ ሌላው ላይ እንዳይደርስ ነው። ጦርነት፣ ግልቢያ፣ ትግል፣ ሩጫ፣ ብቻ እንቅስቃሴ ያለበትን ነገር መሳል ለምትጀምሩ። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባሁም። የማወራው የራሴን ስህተት ነው።

ስልኬ ላይ የድሮ የአድዋ ሥዕሎችን አወረድኩና ለቃቀምኩ። ከአንዱ ፈረስ፣ ከአንዱ ጋሻ፣ ከሌላው ነጋሪት። ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርኳቸው። የጋሻዎቹ ጌጥ ብቻ አምስት ቀን ፈጀብኝ። የሁሉንም ሰው አፍ ከፈትኩ፤ ጥርስ በጥርስ አደረግኳቸው። የፈረሶቹን የፊት እግር ወደ ፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ለጠጥኩት። የሚሮጥ ፈረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በበዓሉ ቀን ሰው ገባ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥሎ አንድ ወጣት ለጓደኛው «ሠርግ ላይ ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ ነው እኮ የሚመስሉት» አለው። ቀስ ብሎ ለመናገር ሞክሯል፤ ግን አዳራሹ አዲስ ስለሆነ ያስተጋባል። ሳቁ። አንድ ሌላ ሰውዬ ደግሞ ጠጋ ብሎ ፈረሱን አየና «ይሄ ሆዱ መሬት ሊነካ ነው፤ ጅማቱ ተበጥሶ ነው?» አለ። እሱ ግን የምሩን ነበር የጠየቀው። የባሰኝም እሱ ነው።

ባለቤቱ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቡና ጋበዘኝ። ሳምንት ሳይሞላ በዚያ በኩል ሳልፍ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። የቀረውን ክፍያ አልጠየቅኩም፤ እሱም ቀብዱን አልጠየቀኝም። በዚሁ ተቻቻልን። ሦስት ወር ያህል በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ ወደ ገበያ ለመሄድ ዙሪያ ጥምጥም ነበር የምዞረው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስህተት ግን ከግድግዳው ይብሳል፤ አራት ወር በልቶብኛል።

«የጎደለኝ እውቀት ነው» ብዬ የጡንቻ ሥዕል ማጥናት ጀመርኩ። የጭን፣ የትከሻ፣ የባት። ወረቀቴ ላይ ጡንቻው የተወጣጠረ ሰውዬ ወጣ። ግን እሱም ቆሟል። ጡንቻ ያለው ቋሚ ሆነ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ውድ እርሳስ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ቀጥሎ ደግሞ የእግር ኳስና የፈረስ ፎቶ አሳትሜ መስኮት ላይ እየለጠፍኩ በላዩ መገልበጥ ያዝኩ። የፎቶውን ዳር ዳር ተከትሎ የወጣው መስመር ልክ ነው፤ ነፍስ ግን የለውም። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ቀላል ነው። ስገለብጥ እጄ የሰውየውን ጠርዝ ነው የሚከተለው፤ ክብደቱ የት እንዳረፈ አይጠይቅም። መገልበጥ ክፉ ነው አልልም፤ እጅ ያፍታታል። ግን መልመጃችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ፎቶ የሌለ ቀን ባዶ እጃችሁን ናችሁ።

እዚህ አገር ሥዕል ጀመርኩ ስትሉ ሁሉም አፈወርቅ ተክሌን ይጠራላችኋል። የአንኮበር ልጅ ናቸዋ። «እሳቸው ከዚሁ ወጥተው የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት ሠሩ፤ አንተ አንድ ፈረስ?» ይላችኋል ጎረቤት። ያ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ለእኔ አራት ሜትር ግድግዳ በዝቶብኛል። እኔን ያጽናናኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እሳቸውም መጀመሪያ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ከታፔላ ወደ ፈረስ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገሩ የተለወጠው ሰኔ ላይ ነው። መስኮቱንም ፎቶውንም ትቼ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ይዤ ጋሪ የሚቆምበት ቦታ ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ለዚህ የታደለች ናት፤ ፈረስ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ካፊያ አለ። አጠገቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«ምንድን ነው የምትጭረው?» አሉኝ።

«ፈረስ ነው፣ አባባ። የሚሮጥ።»

ደብተሩን ወሰዱት። አራቁት፤ አቀረቡት።

«ቆሞ ነው የሚሮጠው?»

ሳቅኩ፤ አልከፋኝም። ያን ጊዜ ለምጄዋለሁ። በወጣትነታቸው በጥምቀት ጉግስ ይጫወቱ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ የሻይ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው አራት ጣታቸውን አግዳሚው ላይ አኖሩ።

«ሽምጥ ሲሄድ ስማ» አሉ። በጣታቸው መቱ። ትክ-ትክ-ትክ-ትክ። ዝም። ትክ-ትክ-ትክ-ትክ። ዝም። «አራቴ ይመታል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል የት ያለ ይመስልሃል?»

«አየር ላይ?»

«አየር ላይ። እግሩን ምን አድርጎ?»

«ዘርግቶ።»

«አይደለም! ሰብስቦ ነው። ሆዱ ሥር ሰብስቦ። ላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ቂጡ ይነግረዋል።»

ሻይ ሻጯ ሳቀች። እኔ ግን ግድግዳው ትዝ አለኝ፤ ያ ሆዱ መሬት ሊነካ የነበረው ፈረስ።

በማግስቱ አንድ የሰፈር ልጅ ፈረሱን ሜዳ ላይ እንዲጋልብልኝ ለምኜ በስልኬ ስሎ ሞሽን ቀረጽኩት። ሽማግሌው ልክ ናቸው። አራቱም እግር ከመሬት የሚለቀው እግሮቹ ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። በኋላ ሳነብ ደግሞ ስህተቱ የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። የፈረንጅ ሠዓሊዎችም ለረጅም ጊዜ የሚሮጥ ፈረስ ሲስሉ እንደ እኔው አራቱንም እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይለጥጡ ነበር። ጄሪኮ የሚባለው ስመ ጥር የፈረንሳይ ሠዓሊ በ1821 የሳላቸው የእሽቅድምድም ፈረሶች እንደዚያ ናቸው። ነገሩ የለየለት በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ካሜራ ደርድሮ፣ አንድ ፈረስ ሲጋልብ ተራ በተራ ካነሳው በኋላ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) የእኔ ሽማግሌ 12 ካሜራ አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ የወሰድኩት ምክር አንድ ነው። የምትስሉትን ነገር የሠራ ሰው ፈልጉ። ፈረሰኛ፣ ታጋይ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ግንበኛ። ሥዕል ማወቅ የለበትም። «ያን ጊዜ ክብደትህ የት ነው? የቱ እግርህ ነው የሚያምህ? ምን ትሰማለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው ነገር የገባኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። አንድ ታፔላ ላይ «ተ» እየጻፍኩ ነበር። ቀጥ ያለ ቋሚ፣ ከላይ አግዳሚ። ብሩሹን አንስቼ ቆምኩ። እጁን ግራና ቀኝ የዘረጋ ሰው ነው እኮ! ግድግዳው ላይ የሳልኳቸው ሁሉ «ተ» ነበሩ። ጦር የያዘ «ተ»፣ ጋሻ የያዘ «ተ»፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ «ተ»። ሠርግ ላይ ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ መምሰላቸው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ተ»ን አጋደልኩት። ከዚያ እንደ ማጭድ አጎበጥኩት። ከተረከዝ ተነስቶ በወገብ አልፎ እስከ አናት የሚሄድ አንድ መስመር፣ እጅ ሳይነሳ። ፊት የለ፣ ጣት የለ፣ ጋሻ የለ። ያ መስመር ብቻውን ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ካላያችሁት ሥጋና ልብስ ብትጨምሩበት አይሮጥም። ይህ ምናልባት ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር ነው። ታፔላ ጸሐፊ በመሆኔም እዚህ ላይ ብቻ ነው የተጠቀምኩት፤ አንድ መስመር ሳይንቀጠቀጡ መሳብ የእንጀራዬ ነገር ነው።

አንድ ደስጣ ወረቀት ገዛሁ። 500 ቅጠል ነው። ለአንድ ሰው 30 ሰከንድ፤ ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ። ላጲስ አልነካም፤ ላጲሱን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁት ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። እማዬ አንዱን አንስታ «ይሄን ልጣለው ወይስ ሥራ ነው?» ብላኛለች። አትጣሉት። ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት። ሁለተኛውን ደስጣ ስጀምር የመጀመሪያውን አውጥቼ አየሁት፤ ልዩነቱን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሞዴል አትፈልጉ። እህል ተራ ሂዱ። አንድ ሰው ኩንታል ተሸክሞ ሲነሳ እዩት። መቶ ኪሎ ጀርባው ላይ ሲጫን አናቱ ከእግር ጣቱ አልፎ ወደ ፊት ይወጣል፤ ካልወጣ ወደ ኋላ ይወድቃል። ይህን ሳይ የግንበኛ ቱንቢ ትዝ አለኝና ክር ላይ ብሎን አስሬ ቱንቢ ሠራሁ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ ቱንቢውን ከሰውየው እምብርት አካባቢ ልቀቁት። ክሩ በሁለቱ እግሮች መሃል ከወረደ ሰውየው ቆሟል፤ የፈለጋችሁትን ያህል አፉን ክፈቱት፣ ቆሟል። ክሩ ከእግሮቹ ውጪ ከወረደ ግን ወይ ይወድቃል ወይ ይሮጣል። ሩጫ ማለት ሊወድቅ ሲል እግሩ የደረሰለት ሰው ነው። ራሳችሁ ተነሱና ሞክሩት፦ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ፊት ዘንበል በሉ፣ አሁንም ዘንበል በሉ። የሆነ ቦታ ላይ እግራችሁ ሳታዙት ይወጣል። እዚያች ቦታ ላይ ነው መሳል ያለባችሁ።

ነሐሴ ደረሰ። ቡሄ። የሰፈራችን ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ። እኔም ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። የጓጓሁት ድምፁ የሚወጣባትን ቅጽበት ለመያዝ ነው፤ «ጧ!» የሚለውን። ቀረጽኩት፤ አቆምኩት። ምንም የለም! ልጁ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ጅራፉ ቀጭን መስመር ሆኗል። ሰላምታ የሚሰጥ ነው የሚመስለው። ወደ ኋላ መለስኩት። ከድምፁ ትንሽ ቀደም ብሎ ልጁ ወገቡን ጠምዝዞ፣ ክንዱን ከጀርባው አሻግሮ፣ አንዱን ተረከዝ አንስቶ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይታያል። ጅራፉ ከኋላው ገና መሬት ላይ ይጎተታል። ያንን ያየ ሰው ጆሮውን ሊይዝ ይደርሳል።

ጀማሪ ሁሉ የሚስለው መሃሉን ነው። ጦሩ ሲወጋ፣ ቡጢው ሲያርፍ፣ ኳሱ ሲመታ። እኔም ግድግዳው ላይ ያደረግኩት ያንኑ ነው። ጦር ሁሉ ደርሷል፤ የቀረ ነገር የለም፤ ተመልካቹ ምን ይጠብቅ? ወይ ከመሆኑ በፊት ያለውን ሳሉ፣ ወይ ከሆነ በኋላ ያለውን፦ ጦሩ ከእጁ ወጥቶ ሰውየው ገና በራሱ ኃይል ወደ ፊት እየተገፋ፣ ጋቢው ከኋላው እየደረሰበት። ጨርቅ ደግሞ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚመጣ። ጋማም፣ ጅራትም፣ ጎፈሬም እንደዚያው። ሰውየው ወደ ግራ ታጥፎ ጋቢው ገና ወደ ቀኝ ሲሄድ ካሳያችሁ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምሩ ፍጥነት ታየ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ እነዋሪ በኩል ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አውድማ ላይ ሁለት ቀን ዋልኩ። መንሽ ይዞ እህል የሚያበራይ ሰው ጦር ከሚወረውር ሰው ጋር አንድ ነው፦ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ ትከሻ፣ በመጨረሻ እጅ። ኃይሉ ከእጅ አይጀምርም። እኔ ግን እስከዚያ ድረስ ወርዋሪ ስስል ከእጁ ነበር የምጀምር። ቤት ስመለስ መስታወት ፊት ቆሜ በመጥረጊያ እንጨት ስወረውር እማዬ ገብታ «አሁንስ ለይቶልሃል» አለች። መስታወቱን ግን አትተዉት። የራሳችሁ አካል ያልተሰማውን እርሳሳችሁ አያውቀውም።

ሰው አንድ በአንድ መሳል ከቻልኩ በኋላም ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲሆን ይሞትብኝ ነበር። የጥምቀት ዕለት ጉግስ ላይ ነው ይህ የተፈታልኝ። ሰዉ ብዙ ስለነበር ገፍተው መሬት ላይ አስቀመጡኝ። ተናደድኩ። ግን ከዚያ ዝቅታ ፈረሶቹ ሲመጡ ሰማዩን ሸፈኑት። ደነገጥኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን አድዋ የሳልኩት እንደ ወፍ ከላይ ሆኜ ነበር። ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ወደ ቆላው ስታዩ ታች የሚሄደው መኪና ይሮጣል? አይሮጥም፤ ይድሃል። ከላይ ያየነው ነገር ሁሉ ካርታ ይሆናል። ፍርሃት ከፈለጋችሁ አድማሱን አውርዱት። ዓይናችሁን የፈረሱ ጉልበት ላይ አድርጉት።

ያን ቀን ሁለት ነገር ደግሞ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሙሉ ፈረስ አላየሁም። አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፤ የአንዱ አናት በሌላው ሆድ በኩል ይወጣል፤ ከጉልበት በታች አቧራ ነው። እኔ ግን የደከምኩበት ሁሉ ይታይልኝ ብዬ እያንዳንዱን ፈረስ ለብቻው፣ ከነኮቴው፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዕቃ አስቀምጬው ነበር። ሸፍኑ። ቁረጡ። አንዱ ፈረስ ከሥዕሉ ዳር በግማሽ ይግባ። አቧራ ደግሞ እግር መሳል ለከበደው ሰው እግዚአብሔር የሰጠው ነው፤ ብቻ ሰበብ አታድርጉት።

ሁለተኛ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አንዲት አሮጊት ጥላቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ፈረሱ ሁሉ የሮጠው በእሳቸው ምክንያት ነው የሚመስለው። ሁሉም ሲሮጥ ማንም አይሮጥም። አንድ የቆመ ነገር አስቀምጡ፦ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ፈርቶ የደረቀ ልጅ። አፍም እንደዚሁ ነው። አሥር ሰው ከሚጮህ አንዱ ይጩህና ዘጠኙ ጥርሳቸውን ይንከሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ በአባቶቻችን ሥዕል የሚቀልድ ሰው አልወድም። በድሮው አሣሣል ጻድቁ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። በአድዋ ሥዕሎችም የኛ ሰው ፊት ለፊት ያያችኋል፣ ጠላት በጎን ነው። ያ ስህተት አይደለም፤ ማን ማን እንደሆነ የሚናገር ቋንቋ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ደግሞ ተመልከቱት። ነጩ ፈረስ ብዙ ጊዜ እርጋታ አለው፤ ጦሩ ግን ከላይ ጥግ እስከ ታች ዘንዶው ድረስ ሥዕሉን በሰያፍ ይቆርጠዋል። ጉልበቱ እዚያ ሰያፍ ላይ ነው። የእኔ ጥፋት ከዚህ ቋንቋ ፊቱን ብቻ ወስጄ ሰያፉን መተዌ ነው።

ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት የክብሪት ቀፎ በምታህል ሣጥን ውስጥ አሥር ጊዜ ሳሉት። አሥሩንም በተለያየ መንገድ። በእርሳስ ሳይሆን በከሰል፤ ከምድጃ የወጣ ከሰል ይበቃል። ሰውና ፈረሱን ድፍን ጥቁር አድርጉት። ጥቁሩን ብቻ አይቶ አንድ ልጅ «እየተዋጉ ነው» ካላለ፣ ጌጥ አያድነውም። የተሻለውን መርጣችሁ፣ ንድፉንም ግድግዳውንም በእኩል ብዛት ካሬ ከፋፍላችሁ፣ ካሬ በካሬ አሳድጉት። እኔ ይህን ባለማድረጌ አምስት ቀን ለጋሻ ጌጥ ሰጥቻለሁ፤ ያ ሁሉ አሁን ነጭ ቀለም ሥር ነው።

ስለ ብርዱም ልንገራችሁ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ይገባዋል። ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፤ ጠዋት ጣት አይታዘዝም። የደረቀ ጣት ደግሞ የደረቀ መስመር ነው የሚያወጣው። የሱፍ ጓንት ገዝቼ ጫፉን ቆረጥኩት። ከጀመርኩ በኋላም የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች የማስበው ለማሟሟቂያ ነው፤ ትላልቅ ክብ፣ ከትከሻ። ከእጅ አንጓ የሚወጣ መስመር አጭርና ፈሪ ነው። ውድ እርሳሱን በተመለከተ፣ አሁንም አለኝ፤ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ለ30 ሰከንዱ ቢክ እስክሪብቶ ይሻላል፤ አይጠፋም፣ አያባብልም።

ያ ቡና ቤት ድጋሚ አልጠራኝም። አልፈርድበትም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ጋሪ ነጂ መጣና ጥቅስ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። «ጥቅሱን ተወውና የጉግስ ፈረሰኛ ልሳልልህ» አልኩት። «ዋጋው ያው ከሆነ» አለ። ሁለት ሳምንት የክብሪት ቀፎ ንድፍ ሠራሁ። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩት። ፈረሱ እግሩን ሆዱ ሥር ሰብስቧል፤ ፈረሰኛው ዘንጉን ከጀርባው አሻግሮ ሊወረውር ነው፤ ጋቢው ገና አልደረሰበትም፤ ግማሽ ኮቴው ከጣውላው ጠርዝ ወጥቷል።

ጋሪውን ይዘን ሻይ ሻጯ ደጅ ሄድን። ሽማግሌው እዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው። ተነሱ። ጠጋ አሉ፤ ራቅ አሉ። ጣታቸውን ጣውላው ላይ አድርገው ቀስ ብለው አራት ጊዜ መቱ።

«ሮጧል» አሉ።

አንገቴን ሰበር አደረግኩ። ሌላ ነገር የሚሉ መስሎኝ ጠበቅኩ። ሽማግሌው ግን ገና የፈረሱን አፍ እያዩ ነው።

«ልጓሙስ?»